ቤቱን በአክሲዮኑ

— ሄሎ? … ሄሎ፣ ማን ልበል? … ይቆራረጣል፣ ድምፅህ አይሰማም፤ ማን ልበል? … ወንድምጋሼ? የቱ ወንድምጋሼ? … አዎ፣ ያለኝ አንድ ነው፤ እሱም መኖሩን ረስቼው ነበር። … አይ፣ ቁጥርህ ስልኬ ላይ የለም። አጥፍቼዋለሁ። … በስሕተት አይደለም፤ ቁጭ ብዬ፣ ፈልጌ ነው ያጠፋሁት።

— ቆይ አንዴ፣ አፌ ውስጥ ስፒል አለ፣ ልትፋው። … ሥራ ላይ ነኛ። ሙሽራ ቆማልኛለች፣ ቬሎዋን ወገቡ ላይ እያጠበብኩላት ነው። … ሙሽሪት፣ ክንድሽን ትንሽ ከፍ አድርጊ፤ እንደሱ። ተንፍሺ እንጂ፣ ምን ያስጨንቅሻል፤ የሠርግሽ ቀንም መተንፈስሽ አይቀርም። … አንተን አይደለም። በል ንገረኝ፣ ማን ሞተ?

— ማንም አልሞተም? … ታዲያ ምን አስደወለህ? ካንተ የሚመጣ ስልክ ወይ መርዶ ነው ወይ የሚፈረም ነገር ነው። መርዶው ከሌለ የሚፈረመውን አምጣው።

— ባለቤትህ እትዬስ፣ ደኅና ናቸው? … ደግ። ልጆቹስ? … ደግ፣ ደግ። እኔም ደኅና ነኝ፤ አልጠየቅከኝም እንጂ።

— ስለ አክሲዮኑ? የትኛው አክሲዮን? … አሃ። የአባዬ። የጠርሙስ ፋብሪካው። … አለ እንጂ፣ የት ይሄዳል። ሁለት ሺህ አክሲዮን፣ አንድም አልጎደለችም። … አልሸጥኩም። … ከማን ሰማህ? … ከፀጉር አስተካካዩ? ያ አፈ ቅቤ? አዎ፣ እሱም ትንሽ አለችው፤ የሱም አባት ከአባዬ ጋር ምድጃው ላይ ነበሩ። ፋብሪካው ለሠራተኞቹ ሲሸጥ ነው ለሁሉም የደረሳቸው። … አምና ስንት አገኘሁ አለህ? … ልክ ነው። ለአንድ አክሲዮን መቶ ሃምሳ ብር ዲቪደንድ ነው የከፈሉት። አልዋሸህም። … የኔንም አስልተኸዋል? … ሦስት መቶ ሺህ፣ አዎ። ድሮም ሂሳብ ላይ ጎበዝ ነህ፤ በተለይ የሰው ሂሳብ ላይ።

— አልተቆጣሁም። ድምፄ እንዲህ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሙሽራ ሳረጋጋ ውዬ ነው። … እሺ፣ ምን ልትል ነው? … ምን? … እንደገና በለኝ። … ቆይ፣ ቆይ። ቆይ ወንድምጋሼ፣ እጄ ሥራ ይዟል፣ ስፒከር ላይ ላድርግህ። … ምን ያሳፍርሃል? ያለነው ሦስት ሴቶች ነን። እኔ፣ ሙሽራዋ፣ ደግሞ ጨርቅ ቆራጫችን አለች፣ መቀስ የምንላት። … በሥራዋ አይደለም፣ በምላሷ ነው። … ይኸው፣ አደረግኩህ። በል አሁን ቀስ ብለህ ንገረኝ።

— ቤቱን? … የአባዬን ቤት? … አንተ ቤቱን ለኔ ትሰጠኛለህ፣ እኔ አክሲዮኑን ላንተ እሰጥሃለሁ። … ያለ ምንም ጭማሪ። ወረቀት በወረቀት፣ በአንድ ቀን፣ ጠበቃው ፊት። …

— ውይ ሙሽሪት፣ ይቅርታ የኔ እመቤት። ወጋሁሽ? … የታለ? … ምንም አይደለም፣ ቆዳሽን ነው የነካው፣ አልደማም። መቀስ፣ እስቲ ይቺን ስፒል ያዥልኝ።

— አለሁ፣ አለሁ። እየሰማሁህ ነው። … ለምን እንደሆነ ንገረኝ እስቲ። … ስለበደልከኝ ልትክሰኝ? … እኔን? … እየሳቅኩ አይደለም፤ ክር አፌ ገብቶ ነው። … ሕሊናህ? ከመቼ ጀምሮ? … እንዲያው ልጠይቅ ብዬ ነው እንጂ፣ ሕሊናህ የወቀሰህ ፀጉርህን ከመቆረጥህ በፊት ነው ከተቆረጥክ በኋላ?

— እሺ፣ አልቀልድም። አንተም ግን አትቀልድብኝ። በድያለሁ ካልክ በደሉን አብረን እናንሳዋ። እንዴት እንደተካፈልን ታስታውሳለህ? … እኔ አስታውሳለሁ። አባዬን በቀበርን በሦስተኛው ወር ሳሎኑ ውስጥ አስቀመጥከን፤ እማዬን እዚህ፣ እኔን እዚያ፣ አንተ መሀል። «ቤት ማለት ወጪ ነው» አልከን። «ጣራው አለ፣ ቧንቧው አለ፣ ግብሩ አለ። አክሲዮን ግን ተኝታችሁ የምትበሉት ነው። ሸክሙን እኔ ልያዘው፣ ወርቁን እናንተ ውሰዱ» አልከን። እኔም «ወንድምጋሼ፣ እንደ ወንድም ንገረኝ፣ ይሻለኛል?» አልኩህ። ዐይኔን እያየህ «ይሻልሻል» አልከኝ። እማዬም የሷን ድርሻ «ልጄ ካለ አለ ነው» ብላ ፈረመችልህ። … አላስገደድከንም፣ ልክ ነህ። ማን አስገደድከን አለህ? አመንንህ እንጂ።

— አይ፣ ለመለወጡ እምቢ አላልኩም። … እሺም አላልኩም። መጀመሪያ የምትገዛውን ዕቃ እወቀው። አንተ የምታውቀው አንድ ዓመት ነው፤ አምናን። እኔ ደግሞ ሁሉንም ዓመት አውቀዋለሁ፣ ኖሬበታለሁ። ስማኝ። … ትሰማለህ እንጂ፣ ቤት የሚያህል ነገር ልትሰጠኝ ደውለህ ይቺን መስማት አቃተህ?

— የመጀመሪያው ዓመት ምንም። … ምንም ማለት ምንም ነዋ፤ ቤሳ ቤስቲን የለም። ምድጃው ተሰንጥቆ ነበር፣ የዓመቱን ትርፍ እሱ በላው። በዚያው ዓመት ነው እትዬ «ያላችሁበትን ታችኛውን ክፍል ለማከራየት አስበናል» ያሉን። እማዬን ይዤ ወጣሁ። አንዲት ክፍል አገኘሁ፣ ከዳቦ መጋገሪያ ጀርባ፤ ግድግዳው ሌት ተቀን ይሞቃል፣ በረሮው አይጣል ነው። እማዬ «ክረምት ላይ ደኅና ነው» አለች። እንዳልከፋ ነው እንዲያ ያለችው።

— ሁለተኛው ዓመት፣ አሁንም ምንም። እማዬ ኩላሊቷን የታመመችው ያኔ ነው። አንተ ጋ መጣሁ። በር ላይ ነው ያነጋገርከኝ፣ አንድ እጅህ በሩን ይዞ፤ እግሬን እንዳላስገባ። ምን እንዳልከኝ ታስታውሳለህ? … አታስታውስም። እኔ ልንገርህ። «ዲቪደንድሽን ጠብቂ» አልከኝ። … ብለሃል። … ብለሃል ወንድምጋሼ፣ ሌላ ሰው አይደለም። እኔማ ጠበቅኩ፤ እማዬ ግን መጠበቅ አልቻለችም። «መቼ ነው ቤታችን የምንገባው?» እያለች ነው ያረፈችው፤ በሰው ቤት፣ የዳቦ ሽታ እያፈናት። …

— ቂም? … አዎ፣ ቂም ይዣለሁ። አልደብቅህም። ከእንቅልፌ ስነሳ አለ፣ ስተኛም አለ። ሰው ይደክመዋል ይባላል፣ እኔን ግን አልደከመኝም። … አታልቅስ። … አታልቅስብኝ አልኩህ፣ እዚህ የምታለቅስ ሙሽራ አለችኝ፣ እሷ ትበቃኛለች። … ሙሽሪት፣ አንቺ ደግሞ ምን ሆንሽ? … ለእማዬ ነው? … እግዜር ይስጥሽ። ግን እንባሽን በእጅሽ ጥረጊ፣ በጨርቁ አይደለም።

— ጨርሰሃል? ልቀጥል? … ሦስተኛው ዓመት ላይ ሃያ ብር ከፈለ፣ ለአንድ አክሲዮን ሃያ። በሷ ነው የመጀመሪያዋን የስፌት መኪና የገዛሁት። ከዚያ ሃያ አምስት። ከዚያ ሠላሳ፣ እንደገና ሠላሳ። ከዚያ ጎርፍ የገባበት ዓመት አለ፣ አሥር ብቻ ሰጡን፤ የፋብሪካው ጸሐፊ ራሷ አፍራ ነው የሰጠችን። ከዚያ ደግሞ ቀስ፣ ቀስ እያለ ወጥቶ አርባ አምስት ደረሰ። ልብ በል፤ እዚያው ላይ ቆመ። በዚህ ሁሉ ዓመት ከአርባ አምስት አልፎ አያውቅም። … ትሰማኛለህ? … ከዚያ ወዲህ ቁልቁለት ነው። አርባ ሆነ፣ ቀጥሎ ሠላሳ አምስት።

— እኮ፣ ታዲያ አምና መቶ ሃምሳው ከየት መጣ? ጥሩ ጥያቄ ጠየቅክ። ፀጉር አስተካካዩን ይሄን ብትጠይቀው ኖሮ ሁለታችሁም ትማሩ ነበር። … ባቡር ሐዲዱ አጠገብ የነበረውን አሮጌ መጋዘን ታውቀዋለህ? አባዬ ዝናብ ሲይዘው የሚጠለልበት። … እሱን ከነመሬቱ ሸጡት። ያገኙትን ገንዘብ ደግሞ ለባለአክሲዮኖቹ አከፋፈሉት። ከመቶ ሃምሳው ውስጥ መቶ ሃያው መጋዘኑ ነው። ጠርሙስ ሠርተው፣ ሸጠው ያገኙት ሠላሳዋን ብቻ ነው። መጋዘን አንድ ጊዜ ነው የሚሸጠው ወንድምጋሼ፤ በያመቱ አይበቅልም።

— ሌላ መሬት አያጡም ትላለህ? … እኔ የማውቀው ፋብሪካው የቆመበትን ነው። እሱን ከሸጡ ምን ላይ ሊሠሩ ነው?

— በመቶ ስንት? … ሃያ አምስት? … ይሄን ደግሞ ማን አስላልህ፣ እሱው ነው ምላጭ ይዞ? … አንተው ነህ? … እሺ፣ እንዴት አደረግከው? … የአንዱ አክሲዮን ዋጋ ዛሬ ገበያ ላይ ስድስት መቶ ነው። መቶ ሃምሳውን ለስድስት መቶ አካፈልክ፣ በመቶ ሃያ አምስት መጣልህ። በአራት ዓመት ገንዘቤን መልሼ ከዚያ በኋላ በነጻ እበላለሁ አልክ። … ማካፈሉ ልክ ነው፤ ያካፈልከው ነው ልክ ያልሆነው። መጋዘኑን አውጣና ሠላሳዋን ለስድስት መቶ አካፍል እስቲ። … በስልክህ ምታው፣ እጠብቅሃለሁ። … ስንት አለህ? … አምስት። በመቶ አምስት። ባንክ ብታስቀምጠውም ከዚያ አያንስም፤ እዚያስ ጎርፍ አይገባበትም።

— ደግሞ ስድስት መቶው ራሱ ለምን ስድስት መቶ ሆነ ብለህ ጠይቀሃል? ከሦስት ዓመት በፊት እኮ ዘጠኝ መቶ ነበር። … ወርዶ ነዋ። ሰው እየሸሸ ነው። ጠርሙሱን ፕላስቲክ በላው፤ ዘይቱ በፕላስቲክ፣ ውሃው በፕላስቲክ፣ ሽሮፑ ሳይቀር በፕላስቲክ ሆነ። … ርካሽ ሲሆን ነው የሚገዛው ትላለህ? እሱም አንድ ነገር ነው። ግን ዋጋው በወረደ ቁጥር ይሄ በመቶ ስንት የምትለው ነገር ያለ ሥራው ይወፍራል። አልገባህም? … ሙሽሪት፣ እስቲ መስታወቱን እዪ። ወገብሽን ሳጠበው ዳሌሽ አልሰፋም? … ሰፋ አለች፤ ሰማሃት? ዳሌዋ ግን ያው የጠዋቱ ዳሌ ነው፤ እኔ የነካሁት ወገቡን ነው። አንተም ዳሌውን አይተህ ነው የሮጥከው። … መቀስ፣ አትሳቂ፣ የቁም ነገር ነው የምንነጋገረው።

— ምን? … እየዋሸሁ? … እኔ? … ለምን እዋሽሃለሁ? … አክሲዮኑን ላለመልቀቅ። እሺ። ተኝቼ ልበላው። … የራሱን ዕቃ የሚያጣጥል ሰው አይተህ አታውቅም? እኔ እኮ ገበያ አላወጣሁትም፤ አንተ ነህ ደውለህ የመጣኸው። … ቆይማ አንዴ፣ ቆይ፤ ደንበኛ ገባችብኝ። ሁለት ደቂቃ ያዝልኝ፤ እንዳትዘጋው።

— መቀስ፣ ድምፁን አጥፍተሽዋል? … አይሰማንም? እርግጠኛ ነሽ? … እዪው እስቲ፣ ያ ቀዩ ምልክት በርቷል? … እሺ። … አዎ፣ የአባዬን ቤት ነው የሚለኝ። ያንን ቤት። ሰማሽ አይደል? በገዛ አፉ ነው ያለው፣ እኔ አልጠየቅኩትም። … ስንት ያወጣል? የኔን አክሲዮን ሦስት ጊዜ ይገዛዋል፤ ባይገዛውስ፣ እኔ በዋጋው ነው እንዴ የምፈልገው። … ለምን ነገርሽው ትይኛለሽ? ዝም ብል ኖሮ እስካሁን እየከነፈ መጥቶ ይፈርምልኝ ነበር፤ አውቃለሁ። ግን እሱ በውሸት ነው የወሰደብኝ፣ እኔ በውሸት አልወስድበትም። እውነቱን አንድ በአንድ ነግሬው፣ ዐይኑ እያየ፣ በገዛ እጁ እንዲሰጠኝ ነው የምፈልገው። በኋላ ፀጉሩን ሲነጭ «እህቴ አታለለችኝ» የሚላት እህት እንዳትኖረው። «ነግራኝ ነበር» እያለ ነው ማርጀት ያለበት። … አያምነኝም። እኔ አውቀዋለሁ። ሰውን ሁሉ በራሱ ልክ ነው የሚሰፋው። … ካመነኝማ ቤቱ ቀረብኝ። እሱን አትንገሪኝ፣ እኔም እሱን ነው የማስበው። በይ መልሽልኝ።

— ሄሎ? … አለህ? … ይቅርታ፣ የተከራየችውን ቬሎ ዘይት አስነክታ አምጥታ ነው። … እሺ፣ የት ነበርን? … አዎ፣ ውሸታም እያልከኝ ነበር።

— ሌላም አለ፣ እሱንም ልንገርህ፣ አልነገርሽኝም እንዳትለኝ። ባለፈው የባለአክሲዮኖች ጉባኤ ላይ ነበርኩ። … በያመቱ እሄዳለሁ እንጂ፤ ኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ጠርዝ እየሰፋሁ አዳምጣለሁ። ሊቀመንበሩ ቆመው ምን እንዳሉ ታውቃለህ? ምድጃው አርጅቷል፣ አዲስ መግዛት አለብን፣ ምድጃው እስኪተከል ሁለት ሦስት ዓመት ዲቪደንድ ላይኖር ይችላል አሉ። … በማይክራፎን ነው ያሉት፣ በጆሮዬ ሹክ አላሉኝም። አዳራሽ ሙሉ ሰው ሰምቷል። … ፀጉር አስተካካዩ? ቀድሞ ነው የወጣው፣ ዲቪደንዱ ስንት እንደሆነ ከሰማ በኋላ ማንም አይቀመጥም።

— ሰውን አስፈራርተው በርካሽ ሊሰበስቡት ነው? … ትላልቆቹ ባለአክሲዮኖች? … እኔ እንጃ። ሊሆን ይችላል፤ እንደዚያ የሚያደርግ ሰው አለ። አንተ ከኔ የበለጠ ታውቃለህ፣ እንዴት እንደሚታሰብ። … እኔ የሰማሁትን ነው የነገርኩህ።

— እንዲህ ከሆነ ለምን እስካሁን አልሸጥሽውም? … እሱን ልመልስልህ። የአባዬ ነዋ። አባዬ ቅንድብ አልነበረውም፣ ታስታውሳለህ? ምድጃው ጨርሶበት ነበር። እኛ ልጆች ሆነን «አባዬ ለምን ቅንድብ የለህም?» ስንለው «ፋብሪካው ተበድሮኝ ነው፣ ይመልስልኛል» ይለን ነበር። ያ አክሲዮን ያ ቅንድብ ነው። ለዚያ ነው ያልሸጥኩት እንጂ ዲቪደንዱ አንጀቴን አርሶት አይደለም። … ለቤቱ ግን እሰጠዋለሁ። እሱን አልደብቅህም። እማዬ ከአክሲዮኑ ትበልጣለች፣ ቤቱ ደግሞ የሷ ነበር።

— ሄሎ? … ሄሎ፣ ትሰማኛለህ? … እያሰብክ ነው። … አስብ፣ አስብ። … አይ፣ ማን አስቸኮለህ። … እትዬን ልታማክራቸው? … አማክራቸው። … አልተናደድኩም። … መልስህን መቼ? … ከሳምንት በኋላ። … እሺ። … እሺ፣ እንዳልክ። …

— ምን አልክ? … ስፒከሩን? … እሺ። መቀስ፣ ስፒከሩን አጥፊና ስልኩን ትከሻዬ ላይ አድርጊልኝ፤ እጄ ሙሉ ነው። … ይበቃል፣ ያዝኩት። … በል፣ ብቻዬን ነኝ፣ ማንም አይሰማህም። ምንድን ነው?

— በእማዬ ልማል? … ምን ብዬ? … መጋዘኑ መሸጡን። መቶ ሃያው የመጋዘኑ መሆኑን። ሊቀመንበሩ ስለ ምድጃው ያሉትን። ይሄን ሁሉ እውነት ነው ብዬ፣ በእማዬ አጥንት። … ከማልኩ ታምነኛለህ? … ሌላ ምንም ሳትጠይቅ? … ከማልኩ ነገሩ ይቀራል፤ አክሲዮኑ ለኔ፣ ቤቱ ላንተ፣ ሁሉም ባለበት ይቆያል። … ገባኝ። በደንብ ገባኝ። … በሷ ስም በውሸት አልምልም፣ ልክ ነህ። እሱን እንኳ ታውቅልኛለህ።

— አለሁ። … አለሁ አልኩህ፣ ትንሽ ጊዜ ስጠኝ። … ሙሽሪት፣ እግርሽ ከደከመሽ ቁጭ በይ የኔ ልጅ። ቀስ ብለሽ፣ ስፒሎቹ እንዳይወጉሽ። …

— አልምልልህም። … አልምልም፣ ሰማኸኝ። … የነገርኩህን ነግሬሃለሁ፣ አንዲት ቃል አልመልስም፣ አንዲት ቃል አልጨምርም። የእማዬን አጥንት ግን ለዲቪደንድ ከመቃብር አላወጣውም፤ ደግሞ ላንተ ብዬ። … አይ፣ ነገ ብትጠይቀኝም ያው ነው። … «ያዝኩሽ»? … ምኔን ያዝከኝ? … እሺ፣ ያዝከኝ። … ሳቅ፣ ሳቅ፤ ከሳቅክ ቆይተሃል። … ከልጅነትሽ ጀምሮ ስትዋሺ አውቅሻለሁ አልከኝ፤ አዎ፣ ታውቀኛለህ። ወንድሜ አይደለህ።

— እትዬን አላማክርም? … ነገውኑ? … ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት። … ጠበቃው ጋ። የትኛው ጠበቃ? … ያኔ ያስፈረመን? … ይሁን፣ እሱም ይምጣ፣ ፊቱን ልየው። … እትዬም መምጣት አለባቸው፣ የሳቸው ፊርማ ከሌለ ውሉ አይጸናም። … ጣራው ያፈሳል? ያፍስ። … ቧንቧውም? … አንተ ብቻ እንዳለ ስጠኝ፣ የሚፈሰውን እኔ እችለዋለሁ።

— ለመልቀቅ ስድስት ወር? … አይ። … ሦስት ወርም አይሆንም። … ወንድምጋሼ፣ ለኔና ለእማዬ ስንት ቀን ነበር የሰጣችሁን? … ንገረኛ፤ ይሄን እንኳ አስታውስ። … አንድ ሳምንት። እኔም አንድ ሳምንት ነው የምሰጣችሁ። … ምን ጭካኔ አለበት? ለኛ በቅቶን ነበር እኮ። … ሞልቷል የሚከራይ ቤት። ሦስት መቶ ሺህ በያመቱ የሚገባለት ሰው ደግሞ ምርጡን ነው የሚከራየው። … እንደሱ ነው፤ እንደሱ አስበው፣ ጥሩ ነው።

— ይቅር ብለሽኛል? … አላልኩህም። … ቤቱን ተቀብዬም አልልህም። … ቤቱ ሌላ ነው፣ ይቅርታ ሌላ ነው። አንተ ልለውጥሽ አልክ፣ እኔ እሺ አልኩ፣ በቃ። … እንዳትጠብቀው። … በል መታወቂያህን እንዳትረሳ። … ሦስት ሰዓት። … አልቀርም። … በል ደኅና እደር።

— ዘጋው። … መቀስ፣ ስልኩን ውሰጅልኝ ከትከሻዬ፣ አንገቴ ደረቀ። … ነገ ጠዋት አልገባም፤ ደንበኛ ከመጣ አንቺ ለኪላት። … አዎ። አዎ፣ ሊፈርም ነው። … ስፒከሩን ምን ሊልሽ ነው ያስጠፋሽ? በእማዬ አጥንት ማይልኝ አለኝ። … አልማልኩም። … እውነት ነው እንጂ፣ ስለ አክሲዮኑ ከነገርኩት ውስጥ አንድም ውሸት የለበትም፣ ሰምተሽ የለ። … ታዲያ ለምን አልማልሽለትም ትይኛለሽ?

— ብምልለት ያምነኝ ነበራ።